«ፌሮ» ሲል «ባለ ስንት?» ብዬ የጠየቅኩበት የማታ ክፍል

በ46 ዓመቴ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡30 እስከ 2፡00። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ፣ ከዳቦ ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ በስም መጥራቱ ደስ አላለኝም። ለሰፈሩ ሰው ዳቦ ቤቱ በቂ ምልክት ነው።

ሥራዬ ፎርማን ነው። እንግሊዝኛ ያማረኝ ለጉራ አይደለም። አሁን የያዝነው ሳይት ወደ ገላን መውጫ ላይ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ነው። አማካሪው ጣሊያናዊ ናቸው። በየሳምንቱ ዓርብ ሪፖርት ይፈልጋሉ፣ በእንግሊዝኛ። ድሮ ቢሮ የነበረችው ልጅ ትጽፍልኝ ነበር። አገባችና አዳማ ገባች። ሁለት ሳምንት በስልክ ትርጉም ሞከርኩ። «አርማታው ጠጥቷል»፣ ውሃ ማለቴ ነው፣ የሚለውን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው አልነግራችሁም። ብቻ ሰውየው ደውለው «ሳይት ላይ መጠጥ አለ እንዴ?» አሉኝ። በማግስቱ ተመዘገብኩ።

ክፍሉን ላሳያችሁ። ስፋቱ አራት በአምስት ቢሆን ነው። የሱቅ ቤት ነው፣ መዝጊያው ላሜራ። ሲከፈት የሚያወጣው ጩኸት ደወል ሆኖልናል። 14 ወንበር አለ፣ ክንዱ ላይ ማስደገፊያ ጣውላ ያለው። የነጭ ሰሌዳው አንድ ጥግ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ግድግዳው ላይ የአፍሪካ ካርታ አለ፣ ደቡብ ሱዳን ገና ያልተገነጠለችበት። ማሞቂያ ብሎ ነገር የለም። ሐምሌ ላይ ነጠላ ደርባችሁ ኑ።

መምህሩ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ቀን የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ማታ እኛን። ሁላችንም «ቲቸር» እንለዋለን። እሱ እኔን «ጋሼ» ይለኛል፣ በአንቱታ። ደክሞት እንደሚመጣ ዓይኑ ላይ ይታያል። ሰሌዳው ፊት ሲቆም ግን ድካሙ ይጠፋል። እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን የምጽፈው አንዱን ትምህርት ልነግራችሁ ብዬ ነው። ሌላውን ሁሉ የትም ታገኙታላችሁ። ግስ የማያስተምር የማታ ትምህርት ቤት የለም።

ቲቸር በየሰኞው አንድ ቃል በቀይ ማርከር የሰሌዳው ቀኝ ጥግ ላይ ይጽፋል። ሳምንቱን ሙሉ አይጠፋም። ዓርብ እያንዳንዱ ሰው በዚያ ቃል ከራሱ ሥራና ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ መምጣት አለበት። ከስልክ የገለበጠ ወዲያው ይታወቅበታል። «ይሄ የስልክ ነው፣ የራስህን አምጣ» ይልና ይመልሰዋል። በዚያ ወር ከሰውና ከአገር ስም የተወለዱ ቅጽሎችን ያዘ። መጀመሪያ «ስፓርታን» መጣ። ከግሪኮቹ ስፓርታ ነው፣ ምቾት የማያውቅ፣ ባዶ የሆነ ማለት ነው። ሁላችንም ዞር ዞር ብለን ክፍላችንን አየን። ቀጥሎ «ድራኮኒያን»፣ በጥቃቅኑ ጥፋት ሁሉ ሞት ከፈረደ ድራኮ ከሚባል የአቴንስ ሕግ አውጪ። ከዚያ «ባይዛንታይን»፣ ውስብስብና ጠመዝማዛ። በዚህኛው አንድ የራይድ ሹፌር አንድ ማኅተም ለማስመታት ስንት ቢሮ እንደዞረ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዳን። አጨበጨብንለት።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ቲቸር ገባና ገና ሳይጽፍ «ፌሮ» አለ።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ቀን ሙሉ ፌሮ፣ የአርማታ ብረት፣ ስቆጥር ነው የዋልኩት። ሳላስበው «ባለ ስንት?» ብዬ ውፍረቱን ጠየቅኩ። «ባለ አሥራ ሁለት ነው ባለ አሥራ ስድስት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸርም ማርከሩን ጥሎ ሳቀ። ለካ «ፌሮ» ማለት በእንግሊዞች አፍ ፈርዖን ነው። እነሱ ሲጽፉት ፒ፣ ኤች፣ ኤ፣ አር፣ ኤ፣ ኦ፣ ኤች ይላሉ፣ ሲያነቡት «ፌሮ»። የእኛ ፌሮ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ብረት ማለት ነው። የግንባታ ሥራችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ አርማታው፣ ላሜራው፣ ፌሮው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ልጆች «ጋሼ ባለ ስንት» ይሉኛል።

ቃሉ ግን ፈርዖን ራሱ አልነበረም፣ ከእሱ የወጣው ቅጽል ነው። ቲቸር «ፋራኦኒክ» ብሎ ጻፈ። ሲነበብ «ፌሬይኦኒክ» ነው፣ «ኦ» ላይ ጫን ይባላል። አሥራ አራታችንም ተራ በተራ አልነው። ሱቅ ያላቸው እትዬ «ፌሬይ» ላይ ደርሰው ይቆሙና «ኦኒክ»ን ለብቻ ይሉታል፣ እንደ ሁለት ሰው ስም።

ከዚያ ዘሩን ነገረን። በጥንቱ ግብፅኛ «ፐር ዓ» ማለት «ትልቅ ቤት» ነው። መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ነበር የሚባልበት፣ ሰውየው አይደለም። ከ3,400 ዓመት ገደማ በፊት ግን ቤቱን ትተው ንጉሡን በዚያው ስም ይጠሩት ጀመር። ይህ ለእኛ አይከብድም። «ከግቢ ትእዛዝ መጣ» ሲባል ግንቡ እንዳልተናገረ እናውቃለን። ቃሉ ከግብፅ ወደ ዕብራይስጥ፣ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከዚያ ወደ ላቲን እያለ እንግሊዝ ደረሰ። ወደ እኛ የመጣው በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። እኔ ግን የያዝኩት «ትልቅ ቤት» የሚለውን ነው። ሃያ ዓመት የሰው ትልቅ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

እዚህ ላይ እጄን አወጣሁ። «እንግዲያው ፋራኦኒክ ማለት ጨካኝ ማለት ነው?» አልኩ። ለእኛ ፈርዖን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ልቡ ነው። እናቴ እንቢ ስላት «ልብህ የፈርዖን ልብ ነው» ትለኝ ነበር። አሥር መቅሠፍት ወርዶበት ያልተመለሰ ሰው! ፒራሚድ የሠራ መሆኑ ትዝ የሚለው ማን ነው? ለፎርማን ደግሞ ሌላም ነገር አለበት። በኦሪት ዘጸአት ፈርዖን እስራኤላውያንን ጭድ ከልክሎ የጡቡ ቁጥር እንዳይጎድል ያዘዘው ነገር አለ። የጭቃ ቤት ምርጊት ያቦካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያለ ጭድ ጭቃ ይሰነጠቃል። እቃ ሳያቀርብ «ለምን አልጨረስክም?» የሚል አሠሪ ሁሉ ለእኔ ፈርዖን ነው።

ቲቸር ጥያቄዬን ወደደው። ጨቋኝ የሚለውን ትርጉም እንግሊዝኛውም ያውቀዋል አለ። ጋዜጣ ላይ የሚያጋጥማችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ከልክ ያለፈ ግዙፍ፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ የባለቤቱን ስም ለማስጠራት የተሠራ። ውስጡ ወቀሳ አለበት። «ትልቅ» ብቻ ለማለት «ቢግ» ይበቃል። «ፋራኦኒክ» የሚባለው ትልቅ ሆኖ «ምነው ይሄን ያህል?» የሚያሰኝ ሲሆን ነው።

መለያውንም ሰጠን፣ ወደድኩት። ያዘዘው ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ አለ። ራስ ደጀን ትልቅ ነው፣ ግን ፋራኦኒክ አይደለም፣ ያሠራው ሰው የለም። ዝናብም ቢከብድ ፋራኦኒክ አይባልም። ፕሮጀክት፣ ሐውልት፣ መቃብር፣ በጀት፣ ምኞት፤ እነዚህ ይወስዱታል። «ኦን ኤ ፌሬይኦኒክ ስኬል»፣ በፈርዖን ልክ፣ የሚለውን እንዳለ ያዙት ብሎ አስደገመን። ሳንድዊችን ፋራኦኒክ ማለት የሚቻለው ለቀልድ ብቻ ነው።

ከዚያ ስለ ኩፉ ፒራሚድ አወራን። ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር ከፍ ይል ነበር። 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ ገብቶበታል ይባላል። እኔ ቁጥር ስሰማ ዝም ብዬ አልቀመጥም። ሃንዳውቱን ገልብጬ አሰላሁ። ሃያ ዓመት ቢፈጅ፣ አንድ ቀን ሳይታረፍ፣ በቀን 315 ድንጋይ። ቀኑን አሥር ሰዓት ብትሉት በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ተጎትቶ፣ ወጥቶ፣ ቦታው መግባት አለበት። እኛ ሳይት ላይ አንድ ክሬን ተበላሽቶ አራት ቀን ቆመናል። ያን ሥራ የመራውን ፎርማን ባገኘው ስንት ነገር እጠይቀው ነበር።

ሌላም ነገር ነገረን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ገደማ፣ በሦስተኛው ራምሴስ ዘመን፣ የነገሥታት መቃብር የሚሠሩ ባለሙያዎች የእህል ድርጎአቸው ዘገየባቸው። መሣሪያቸውን ጥለው ወጡ። በጽሑፍ ከተመዘገቡት ሁሉ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ነው። ይህን በማግስቱ ለልጆቹ ሳይት ላይ ማውራት አልነበረብኝም። አወራሁ። አሁን ክፍያ አንድ ቀን ሲያልፍ «ፎርማን፣ ራምሴስ ደወለልህ?» ይሉኛል።

ረቡዕ ስለ አጻጻፉ ነበር። እንግሊዞቹም ይሳሳቱበታል። «ኤ» ቀድሞ «ኦ» መከተል አለበት፣ ሰው ግን ይገለብጠዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ትሪፕል ክራውን የሚባለውን ሦስቱን ታላላቅ ውድድር ያሸነፈ ፈረስ ነበር። 37 ዓመት ማንም ያልቻለውን ነው የቻለው። ስሙ «አሜሪካን ፌሮ» ነው። ሲመዘገብ ፊደሉ ተገለባብጦ ተጻፈ፣ እንደተገለባበጠ በታሪክ ቀረ። ቲቸር «ፈረሱ ተሳስቶ ሚሊየነር ሆነ፣ እናንተ ስትሳሳቱ ግን ነጥብ እቀንሳለሁ» አለን።

የዓርቡ ቀን መቼም አይረሳኝም። መጀመሪያ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጅ አንድ ልጅ ተነሣና «የህዳሴ ግድብ ፋራኦኒክ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበበ። ክፍሉ አጉረመረመ። «እንዴት የእኛን ግድብ በእነሱ ንጉሥ ትጠራለህ!» አሉት እትዬ። ልጁ ስለ ትልቅነቱ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔም አንድ ነገር ጣል አደረግኩ። ግድቡ ከተጀመረ አንሥቶ ሲነገረን የኖረው ቁመት 145 ሜትር ነው። ከኩፉ ፒራሚድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው። ቲቸር ጥሩ አድርጎ ፈታው። ቃሉ ወቀሳ ስላለበት የምትወቅሰው ካልሆነ አትጠቀምበት አለ። የመቃብር ግንብ ለአንድ ሰው ነው፣ ግድብ መብራት ይሰጣል። ልክ እንዲህ ሲል መብራት ሄደ። በእውነት እምላለሁ። በስልክ ባትሪ ብርሃን ለአሥር ደቂቃ ስቀን ጨረስን።

የኳሱም ወሬ በዚያው ጨለማ ውስጥ ተነሣ። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን የግብፅን ቡድን «ፈርዖኖቹ» ሲሉ ማን ያልሰማ አለ? በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 2፣ በሰኔ 2014 ማላዊ ላይ 2 ለ 0። ሹፌሩ ሁለቱንም በቃሉ ያውቃል። የመጀመሪያው ጊዜ አባቱም ልጅ ነበሩ፣ እሱ ግን ስታዲየም የነበረ ይመስል ነው የሚያወራው።

መብራቱ ሲመጣ ተራው የነርሷ ነበር። ሲስተር እንላታለን። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ብዙ አትናገርም። ተነሥታ «እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከሥልጠና ነው» አለች። ሱዳን ውስጥ ሴት ልጅን ቆርጦ የሚሰፋውን፣ ከሁሉ የከፋውን ግርዛት፣ በፈርዖን ስም ነው የሚጠሩት። በእንግሊዝኛው የሕክምና ጽሑፍም «ፋራኦኒክ» ተብሎ ይገኛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሦስተኛው ዓይነት የሚለው ነው። እኛም አገር በምሥራቅ በኩል አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 566 ያስቀጣል። «እኔ ቃሉን ስሰማ ፒራሚድ አይታየኝም» አለችና ተቀመጠች።

ማንም አልተነፈሰም። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ከትርጉሞቹ ሥር ይህን ጨመረ፣ በሰማያዊ። «ይህን አላዘጋጀሁም ነበር፣ አመሰግናለሁ» አላት። ብዙ መምህር አይቻለሁ። አላውቅም ነበር ብሎ ተማሪውን ፊት ለፊት ያመሰገነ ግን ከጣቴ አይበልጥም። ለዚህ ክፍል ከምሰጠው ኮከብ አንዱ የዚያች ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። ዓርብ ቀን ሪፖርቱን የላክሁት ከክፍል በፊት ነበር። አዲስ ቃል ተምሬ እጄ አርፎ ይቀመጣል? ባለቤቱ የአጥር በሩን ከዲዛይኑ ቀይረውታል። ሥዕሉ ላይ 3 ሜትር የነበረው ዓምድ 4.5 ሜትር ይሁን አሉ። እብነ በረድ ይልበስ አሉ። መዝጊያው ባለ ስድስት ሜትር ላሜራ፣ ላዩ ላይ ሁለት የአንበሳ ራስ። ቦታው 250 ካሬ ነው! ከመንገድ ሲታይ ቤቱ የበሩ ዘበኛ ይመስላል። እኔም ጻፍኩ፦ «ዘ ጌት ኢዝ ፋራኦኒክ።» ኮራሁ። ላክሁት። አማካሪው ደግሞ እንደ ልማዳቸው ኮፒውን ለባለቤቱ አስተላለፉት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እኔ ፈርዖን ነኝ?»

«ምን አሉኝ ጌታዬ?»

«ልጄ አንብቦልኛል! ፈርዖን ብለህ ጽፈሃል። መቼ ነው ጡብ ያስጋገርኩህ? መቼ ነው ጭድ የከለከልኩህ?»

ነገሩ ያልበረደው ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ወር የሠራተኛ ክፍያ 12 ቀን ዘግይቶ ነበር። ሰውየው በአሽሙር የነካኋቸው መሰላቸው። እኔ ስለ በሩ ነው ብል ማን ይሰማኛል? «ፈርዖን በር ነው እንዴ?» አሉኝ። እንግዲህ «ጥንት ትልቅ ቤት ማለት ነበር» ብዬ በስልክ ልጀምር? «ሰኞ እቃህን ሰብስብ» ብለው ዘጉት።

ያዳኑኝ ጣሊያናዊው ናቸው። ሰኞ ሦስታችንም ሳይት ላይ ተገናኘን። ጣሊያናዊው ሪፖርቴን አንብበው ብቻቸውን ሲስቁ ነው የከረሙት። ለካ ቃሉ በእነሱ አገር የየቀን ቃል ነው። «ፋራኦኒኮ» ይላሉ፣ ለሠርጉም፣ ለስታዲየሙም፣ ለድልድዩም። ፈረንሳዮቹም እንደዚያው ናቸው አሉ። እንግሊዝኛው ላይ ነው ቃሉ ትንሽ ካባ የሚለብሰው። ለባለቤቱ ቀስ ብለው አስረዷቸው፣ እኔ እያስተረጎምኩ። የተሰደበ ሰው የራሱን ስድብ ትርጉም ከሰዳቢው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚመስል አስቡት።

መጨረሻ ላይ ጣሊያናዊው ማስረጃ አመጡ። «ጅግራ ታውቃላችሁ? በእኛ ቋንቋ ፋራኦና ትባላለች። የፈርዖን ዶሮ ማለት ነው። ፈርዖን ማለት ስድብ ቢሆን ኖሮ ጣሊያን በእሁድ ምሳ አይበላትም ነበር።» ባለቤቱ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ገጠር ነው ያደጉት፣ ጅግራ በወጥመድ የያዙ ሰው ናቸው።

«እንግዲያው በሩን ቀንስ ነው ያልከው?»

«አዎ ጌታዬ። 3 ሜትር ይበቃዋል።»

«አልቀንስም!»

ጣሊያናዊው ምን አሉ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ሂ ሴድ ኖ» አልኳቸው። የፈርዖን ልብ የሚለውን ለራሴ ያዝኩት። በእንግሊዝኛው በሩ ነበር ፋራኦኒክ፣ በአማርኛው ግን እንጃ። በሩ አሁን ቆሟል፣ 4.5 ሜትር፣ ከነአንበሶቹ። ለማየት ከፈለጋችሁ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ወደ ገላን ስትሄዱ አትስቱትም።

ለቲቸር ስነግረው አልሳቀም፣ ቀይ ማርከሩን አነሣ። «ጋሼ፣ ቃሉን በትክክል ነው የተጠቀሙበት፤ የተጠቀሙበት ቦታ ነው ስሕተቱ» አለኝ። ሪፖርት ላይ ቅጽል አይጻፍም፣ ቁጥር ይጻፋል። «ዓምዱ ከሥዕሉ በ1.5 ሜትር ይበልጣል» ብትል ማንም አይቆጣህም፣ ሁሉም ይገባዋል። ፋራኦኒክን ለጋዜጣና ለጨዋታ ተወው። ይህን ትምህርት አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት!

እንግዲህ ወቀሳውን ልናገር፣ ቸኩዬ። ክፍያው በወር 1,500 ብር ነው። መመዝገቢያ 300። ለመምህሩ ሲሆን አይበዛም። ነገር ግን አንድ ወር ሳይት አላመች ብሎኝ ቀርቼ ስመለስ መመዝገቢያውን ድጋሚ አስከፈሉኝ። ቢሮ ያለችውን ልጅ «ድራኮኒያን ነው» አልኳት። «ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ሃንዳውቱ የኮፒ ኮፒ ነው፣ «ኢ» እና «ሲ» አይለይም፣ ለእሱም በገጽ 5 ብር ለብቻ ነው። ጄኔሬተር የለም። የማዳመጥ ልምምዱ በቲቸር ስልክ ነው፣ ውጭ ባጃጅ ካለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠፋ ማለት ነው። ሽንት ቤቱ የዳቦ ቤቱ ነው፣ ቁልፉን ለምናችሁ ነው።

የዳቦው ሽታ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የማታው ዳቦ ከምድጃ ይወጣል። እሱን እየሸተተ ያለፈ ጊዜ ግስ የሚገባው ሰው ካለ ያስተምረኝ። እኛ መፍትሔ አበጅተናል፣ በየተራ አሥር ዳቦ ይገዛል። እትዬ ሻይ በፔርሙዝ ያመጣሉ። ይህ በፕሮግራሙ የለም፣ ግን ለእኔ ግማሹ ትምህርት እሱ ነው። ንግግር የምንለማመደው ያኔ ነው።

ሁለት ሰዓት ሲወጡ መጓጓዣ አስቡበት። ባጃጅ ከዚያ በኋላ ዋጋው እጥፍ ነው። ከቃሊቲ የምትመጡ ከሆነ ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ፣ ወደዚያው ስለሚሄድ ሦስት ሰው በመንገዱ ይጭናል።

ከአምስት ኮከብ አራት። አምስተኛውን ያስቀረሁት ለሃንዳውቱና ለመመዝገቢያው ነው፣ በቲቸር በኩል አንድም አልቀነስኩም። አዲስ ምዝገባ በየወሩ መጀመሪያ ሳምንት ነው። የዚህ ሳምንት ቃል «ላኮኒክ» ነው፣ ይህም ከስፓርታዎቹ አገር የመጣ ነው፤ በጥቂት ቃል የሚናገር ማለት ነው። ቲቸር ይህን ጽሑፍ ካየብኝ ነጥብ ይቀንስብኛል። ከመጣችሁ በር አጠገብ ያለችውን ወንበር አትያዙ። አንድ እግሯ ላላ ብሏል። ቅዳሜ ብሎን ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ፣ ሦስት ቅዳሜ አለፈ።